ቅጥራን የተቀባ ክርን

«እኔ ከሱ ጋር አንድ ትሪ ላይ እጄን አልሰድም። አልኩ፣ አልሰድም።»

«እንግዲያው አትብላ።»

«እኔ ነኝ የማልበላው? እሱ ይውጣ እንጂ። ዘበኛውን ጠርቼ አስወጣዋለሁ።»

ሽሮው መሀል ላይ ይቀዘቅዛል። ትሪውን ከበው የተቀመጡት እስረኞች የታጠበ እጃቸውን ከፍ አድርገው ክርክሩ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። እኔ በሩ ሥር ቆሜአለሁ። ለመታጠብ እጅጌዬን ስሰበስብ ነው ክርኔን ያዩት።

ሁለቱም ክርኖቼ ላይ ቀይ ሆኖ ያበጠ፣ ከላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት እየነጣ የሚረግፍ ነገር አለብኝ። ጉልበቴ ላይም አለ፣ ፀጉሬ ውስጥም አለ። ስሙን ያን ጊዜ አላውቀውም። አንዱ እከክ ነው አለ፤ ሌላው ቋቁቻ ነው አለ። አይወጣም ብሎ ለኔ የሚከራከር ግን አልነበረም፣ ከአንድ ሰው በስተቀር።

አስወጣዋለሁ የሚለው ካቦው ነው። ካቦ የምንለው ከእስረኞች መሀል ፖሊሶቹ መርጠው የክፍሉን ሥርዓት እንዲጠብቅ የሚሾሙትን ነው። የኛ ካቦ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ድምፁ አሁንም ከሞተር በላይ ለመሰማት የሚታገል ይመስላል።

«ቁምጥና ነው» አለ። «እንዲህ ነው የሚጀምረው። ደሴ መንገድ ላይ ስንቱን አይቻለሁ።»

«ደሴ መንገድ ላይ ያየኸውስ ረሃብ ነው፣ ሹፌሩ።»

ይህን ያሉት ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። ያን ዓመት ያ ቃል ጮክ ተብሎ የሚነገር አልነበረም። እሳቸውን እዚያ ያስቀመጣቸውም እሱው ቃል ነው። ወሎዬ ናቸው፤ መርካቶ ውስጥ ቅመም ይነግዱ ነበር። ከአገራቸው በእግር የመጡ ረሃብተኞችን መጋዘናቸው ውስጥ አስጠግተው፣ ለጠየቃቸው ሁሉ ከየት እንደመጡና ለምን እንደመጡ ሲናገሩ ነው የተያዙት። ሁሉም ሐጂ ይሏቸዋል። እሳቸው ግን መካ አልደረሱም። «ለመሄድ ስሰናዳ እዚህ አመጡኝ» ይሉ ነበር።

ካቦው ሲያፈገፍግ አየሁት። ግን ሙሉ በሙሉ አልተሸነፈም። መጨረሻ ላይ የተወሰነው፣ እኔ ከክፍሉ እንዳልወጣ፣ ግን ለብቻዬ እንድበላ ነው። በአንድ የሳልሳ ቆርቆሮ ላይ እንጀራ ተቆርሶ፣ ሽሮ ተደርጎበት ተሰጠኝ። በሩ ሥር ቁጭ ብዬ ስጀምር ሐጂ ተነሡ፤ ትሪውን ትተው መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ከቆርቆሮዬ ጎረሱ። ሲያኝኩ ቆዩና፣

«ጨው ያንሰዋል» አሉ።

ከመርካቶው እህል በረንዳ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ያመጡኝ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ነው። ሥራዬ ጆንያ መስፋት ነበር። ሁለት ሰዎች መጥተው ስሜን ጠሩ። አቤት ስል አንደኛው መጀመሪያ የወሰደብኝ የጆንያ መርፌዬን ነው። የጀመርኩት ጆንያ አፉ ግማሽ ተሰፍቶ ቀረ፤ ይዘውኝ ሲሄዱ ስንዴው ከኋላዬ ሲፈስ ይሰማኛል።

የጻፍኩት ግጥም ነው። ትምህርት ቤት ብዙም አልሄድኩም፤ ማንበብ የለመድኩት ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። በዚያ ዓመት ከወሎ የመጡ ሰዎች በረንዳው ላይ፣ ከተቆለለው ጆንያ ሥር ይተኙ ነበር። ከአፈሩ ጋር የተቀላቀለውን ፍሬ ይለቅማሉ። ሬዲዮው ስለነሱ አያወራም። አንድ ቀን እዚያው ቁጭ ብዬ እንዲህ የሚጀምር ነገር ጻፍኩ፦

ጆንያው ጠግቦ ቆሟል በረንዳ ላይ ኮርቶ፤
ያረሰው ተኝቷል ከሥሩ ተረስቶ።

ወረቀቱ ተባዝቶ በየምሰሶው ተለጠፈ። ጻፊው እኔ መሆኔን ለማወቅ ፖሊሶቹ አልተቸገሩም፤ ገና ሳይለጠፍ ሻይ ቤት ውስጥ በቃሌ ስለው የሰማኝ ብዙ ነው። አንድ ነገር ከጻፍኩ በኋላ አፌ ውስጥ ማሳደር አልችልም ነበር። ያላወቁት ወረቀቱ የተባዛበትን ስቴንስል በታይፕ የመታውን ሰው ነው። የመታችው ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ታይፕ የምታስተምር ልጅ ናት። ተማሪዎቿ ከወጡ በኋላ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ አነበበችው። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ መምታት ጀመረች። እናቷንና ታናናሾቿን የምታስተዳድረው በዚያ ሥራ ነው። ስሟን ካወጣሁ እሷ ብቻ አትገባም፤ ቤቱ በሙሉ ይዘጋል።

ሻምበሉ የጠራኝ በተያዝኩ በማግስቱ ከምሳ በኋላ ነው። የሚመረምረኝ እሱ ነበር። ይመታኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ሰጠኝ። «ገጣሚው» አለኝ፤ «ቁጭ በል።» ቀጭን፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ ድምፁን የማያነሣ ሰው ነው። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ከምን አለሽ ተራ የቆርቆሮ ቅጥቀጣ ይገባል።

ወረቀቱን ማን እንደመታው ጠየቀኝ። ራሴ ነኝ አልኩ። ታይፕ እንደማልችል ያውቃል፤ አልተቆጣም። የሰፈር ስም መጥራት ጀመረ፤ ቀስ እያለ፣ በየመሀሉ ሲጋራውን እየሳበ። ፒያሳ አለ። ጉለሌ አለ። አራት ኪሎ አለ። ሰባተኛ አለ። እንደገና ፒያሳ አለ። እኔ ፊቴን እንደ ድንጋይ አድርጌ ዓይኑን አያለሁ። ፊቴን ስጠብቅ ቆይቼ ነው ዓይኑ ፊቴ ላይ አለመሆኑን ያስተዋልኩት። የሚያየው ክርኔን ነው። ቀኝ እጄ ግራ ክርኔ ላይ ነበር፤ ጥፍሬ ሸሚዙ ውስጥ ገብቶ ያካል።

«ጉለሌ» አለ። እጄን አወረድኩ።

«ሰባተኛ» አለ።

እጄ ሳላዘው ሲነሣ ተሰማኝ። ግማሽ መንገድ ላይ ያዝኩት። ሻምበሉ ሲጋራውን አጠፋ።

«ያሳክክሃል?»

«አዎ፣ ጌታዬ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው።»

«አይዞህ። ሰባተኛ ውስጥ ያሉትን ታይፕ ቤቶች ላጥናቸውና እንደገና እንጫወታለን። እስከዚያ ስሙን አንተው ካስታወስክ ሐኪም ቤት እልክሃለሁ።»

ወደ ክፍሌ መለሱኝ። መገረፍ ሳስበው የሰነበትኩት ነገር ነው፤ ራሴን አዘጋጅቼለት ነበር። ቆዳዬ አፍ አውጥቶ ይናገርብኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ሁልጊዜ ባክስ አልኩ፤ በሁሉም ስም ላይ ባክስ? ግን የሐሰቱን ሳክ እውነተኛው ሲመጣ እጄ እንደሚፈጥን አውቃለሁ። ለማንም መናገር አልችልም። ካቦው ከሻምበሉ ሲጋራ እንደሚቀበል ሁላችንም እናውቃለን።

ሐጂ ያን ቀን አጠገቤ ተቀምጠው ክርኔን ለረጅም ጊዜ አዩት። ሴት ልጃቸው ይኸው ዓይነት እንዳለባት ነገሩኝ። አንድ ፋርማሲ ቅጥራን ከቫዝሊን ጋር ለውሶ ይሰጣታል። ባለቤቴ ስንቅ ስታመጣ እንድትይዝልህ እልክባታለሁ አሉ።

«ያድናል?» አልኳቸው።

«አንዱ ክርኗ ዳነ፤ አንዱ እምቢ አለ። ስለዚህ አልምልልህም። ማሳከኩን ግን ያስታግሣል።»

«በስንት ጊዜ?»

ሳቁ። «በወር ይሁን በሁለት ወር እኔ ምኑን አውቃለሁ? እሷም እንዳንተ ትጠይቀኝ ነበር፤ በየጠዋቱ።»

ቅባቱ በትንሽ ክብ ቆርቆሮ መጣ። በር ላይ ዘበኛው ከፍቶት፣ አሽትቶት፣ የጫማ ቀለም መስሎት ሐጂ ለየትኛው ግብዣ ጫማቸውን ሊወለውሉ ነው ብሎ እንደሳቀ ባለቤታቸው ነገሯቸው። መልኩ ጥቁር ነው። ሽታው ዝናብ እንደመታው የከሰል ክምር ነው። ሐጂ አሠራሩን ነገሩኝ፤ በስሱ ነው፣ አይታሽም፣ ቅርፊቱ በራሱ ካልወደቀ አይነሣም።

እኔ ግን ጊዜ አልነበረኝም። ሻምበሉ ዛሬም ሊጠራኝ ይችላል፣ ነገም። ሌሎቹ ለፀሐይ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀረሁ። ካቦው የጣለውን የሰርዲን ቆርቆሮ ክዳን አንሥቼ ቅርፊቱን ፋቅኩት፤ ከሥሩ ቀይ ሥጋ እስኪወጣ ድረስ ፋቅኩት። ከዚያ ቅባቱን በጣቴ ዝቄ ለቀለቅኩበት። ለትንሽ ጊዜ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ ፍም የያዝኩ መሰለኝ። ሐጂ ሲመለሱ ክንዴን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ጥርሴን ነክሼ ቆሜአለሁ። ሸሚዜ ከደሙ ጋር ተጣብቋል።

አልተቆጡም። ጨርቅ በውሃ ነክረው ሸሚዙን ቀስ እያሉ አላቀቁት። ሲጨርሱ ቅባቱን ከእጄ ወሰዱና ብርድ ልብሳቸው ሥር ከተቱት።

«ከዛሬ ጀምሮ የምቀባህ እኔ ነኝ።»

የፋቅሁበት ቦታ ሲሽር እንደገና ያንኑ ቅርፊት አወጣ፤ እንዲያውም ከበፊቱ ሰፍቶ። ሐጂ በየጠዋቱ ከጸሎታቸው በኋላ ይቀቡኛል፤ በስሱ፣ አንዲት ጣት በቅጡ በማይሸፍን ቅባት። ክፍሉ በሽታው ተማረረ። ካቦው፣ ሰውዬው ቆማጣ ሳይሆን አስፋልት ነው እንዴ፣ መንገድ ሥራ እንስጠው ብሎ ሰውን አሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከገባሁ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሻምበሉ አልጠራኝም። አለመጥራቱ ከመጥራቱ የባሰ ነበር። ኮሪደሩ ላይ የጫማ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እጄ ወደ ክርኔ ይሄዳል። ሐጂ ይህን አዩ። አንድ ቀን ፊት ለፊታቸው አስቀመጡኝ፤ እጆቼን አንሥተው ጉልበቶቼ ላይ ዘረጉልኝ።

«አሁን መርካቶን እንዞራለን» አሉ። «አንተ ቁጭ ትላለህ። እኔ እዞራለሁ።»

ከሱቃቸው ተነሡ። ከጎናቸው ያለውን ጨው ሻጭ ጠሩ፤ ከሱ ቀጥሎ ጥቁር አዝሙድና ኮረሪማ የምትሸጠውን፣ ቀጥሎ ሳሙናውን፣ ገመዱን፣ በርሜሉን። በሚያውቁት መንገድ ተራ በተራ፣ ሳይቸኩሉ። ቆዳዬ ይነድዳል። ገመዱ ጋ ሲደርሱ እጄ ተነሣ።

«ተነሣ! አየሁት፣ ተነሣ!» አለ ካቦው ከጥግ ሆኖ፤ እንደ ኳስ ጨዋታ።

«እንግዲህ ከጨው ሻጩ እንጀምራለን» አሉ ሐጂ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ። የክፍሉ ሰው ጨዋታ አደረገው። አንዱ ዛሬ በርሜል ተራ ሳይደርስ ይሞታል ይላል፤ ሌላው አይ ዛሬ ምን አለሽ ተራን ያልፋል ይላል። ማሳከክ እንደ እንግዳ ነው፤ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ካልተቀበሉት ይነሣል። ይህን ማንም ሊነግረኝ አይችልም ነበር፤ ቁጭ ብሎ ማየት ነበረብኝ። ሐጂ ምን እንደሚያስጨንቀኝ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሌሎቹ ትሪው ላይ ሳሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አሉኝ፦

«ጉዳይህን አልጠይቅህም፤ ባውቀው ያወጡብኛል። የምጠይቅህ እጅህን ብቻ ነው። አብሽር።»

አንድ ቀን ምሳ ሲቀርብ ካቦው ወደ ጎን ጠጋ አለና ከትሪው ቦታ ለቀቀልኝ። በክርኑ ወለሉን አሳየኝ። ቆርቆሮዬን ትቼ ተቀመጥኩ። ሰው መሀል እጄን ሰደድኩ። ካቦው ከጎኑ ያለውን እንጀራ ገፋ አደረገልኝ። አንድም ጊዜ ግን ወደ ፊቴ አላየም። ከበላን በኋላ ሐጂ ብርድ ልብሳቸውን ሲያነሡ ቅባቱ የለም። ሁላችንም ወደ ካቦው አየን። እሱ አዲስ ሲጋራ ለኩሷል።

ወዲያው የኔ ስም ተጠራ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ከመጻፌ በፊት ስለ ዛሬ ትንሽ ልናገር። ያ መንግሥት ሄዷል፤ ከሱ በኋላ የመጣውም ሄዷል። በሽታዬ ስም አለው፤ ሶራያሲስ ይባላል አለኝ ሐኪሙ፤ አይጋባም፣ አይጠፋምም፣ ይተኛል እንጂ አለኝ። ቅጥራኑ ፈወሰኝ ብል ውሸት ነው። ዛሬም ጠዋት ጠዋት በስሱ እቀባለሁ፤ ሸሚዝ ለመልበስ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። አንድ ግጥም ከጻፍኩም በኋላ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ እረሳዋለሁ፤ ቁጣዬ አልቀነሰም፣ ግን ማሳደር ችያለሁ። ከእስር ስወጣ ሐጂን ፈልጌ ሱቃቸው ሄድኩ። ጨው ሻጩ እዚያው ነበር፤ ኮረሪማዋም፣ ሳሙናውም፣ ሁሉም በተራቸው። እሳቸው በነበሩበት ቦታ ሌላ ሰው ባልዲ ይሸጣል። ወዴት እንደወሰዷቸው የነገረኝ የለም። ታይፕ የመታችልኝ ልጅ አልተያዘችም። የልጅ ልጆች አሏት፤ ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ስለ ጤናዬ ትጠይቀኛለች፣ እኔም እስቃለሁ። ይህን ካነበበች ለምን እንደምስቅ አሁን ታውቃለች።

ሻምበሉ ቢሮ ስገባ ቅባቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ክዳኑ ተከፍቶ። ክፍሉ በሽታው ተሞልቷል።

«ይሠራል?» አለኝ።

«ጊዜ ይፈልጋል፣ ጌታዬ።»

«አንተ ጊዜ አለህ?»

«እርስዎ የሰጡኝ አለኝ።»

ፈገግ አለ። እጅጌዬን እንድሰበስብ አዘዘኝ። ሰበሰብኩ። ጠዋት ሐጂ የቀቡኝ ጥቁር ሆኖ ይታያል። እጆቼን ጠረጴዛው ላይ እንድዘረጋ አዘዘኝና ወንበሩን አዙሮ አጠገቤ ተቀመጠ። ትንፋሹ ይሰማኛል።

ቅባቱን ወደ እጄ ገፋው። «ውሰደው። የማን ቤት እንደሆነ ብቻ ንገረኝ።»

አልወሰድኩም።

ጀመረ። ሰባተኛ ውስጥ ያሉትን ታይፕ ቤቶች በሚገባ አጥንቷቸዋል። ከመስጊዱ ፊት ለፊት ያለው አለ። ክርኔን አየ። ከጫማ ቤቱ ጀርባ ያለው አለ። ቆየ። ውጭ ተሸካሚዎች ዘወር በሉ እያሉ ያልፋሉ።

«ፎቅ ላይ ያለው» አለ። «አረንጓዴ በር ያለው።»

መጣ። ከግራ ክርኔ ተነሥቶ እስከ ትከሻዬ፣ ከፀጉሬ ሥር እስከ አንገቴ፣ እንደ ጉንዳን መንጋ መጣ። የቀኝ አውራ ጣቴን ጥፍር አየሁት። ከጨው ሻጩ ተነሣሁ። ጥቁር አዝሙዷን አለፍኩ። ሳሙናውን አለፍኩ። ሻምበሉ አረንጓዴ በር ብሎ ደገመ፤ እኔ ገመዱ ጋ ነበርኩ። ላብ ከብብቴ ወርዶ ክርኔ ላይ ደረሰና ቅጥራኑ ላይ ቆመ። ሻምበሉ ጠበቀ። ሰዓቱን አየ። ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር መወዛወዝ ሲጀምር አየሁ። ሲጋራ አወጣ፤ ሳይለኩሰው መልሶ ከተተው። እኔ በርሜሎቹን አልፌ፣ ምን አለሽ ተራን አልፌ፣ ተመልሼ ከጨው ሻጩ ጀመርኩ።

ድንገት ክርኔን ያዘው፤ በሙሉ እጁ፣ አጥብቆ። ጨመቀው። አመመኝ፤ አልነቃነቅኩትም። ከዚያ ጣቶቼን አንድ በአንድ ገልብጦ ጥፍሮቼን አየ። አክኬ ቢሆን ኖሮ፣ በድብቅም ቢሆን፣ ጥቁር ይሆኑ ነበር። ንጹሕ ነበሩ። ጥቁር የሆነው የሱ እጅ ነው። መሐረቡን አውጥቶ ጠረገ። ጥቁሩ አልለቀቀም። አጥብቆ ጠረገ፤ መሐረቡ ጠቆረ፣ እጁ እንደነበረ ነው።

«በውሃ አይለቅም፣ ጌታዬ» አልኩት። «በዘይት ነው።»

አየኝ። የቅባቱን ክዳን ገጥሞ ኪሱ ከተተው። ተነሣ፤ ኮቱን በክርኑ ገፍቶ አስተካከለ፤ ወጣ። በሩን ሲስበው ከውስጥ በኩል ባለው እጀታ ላይ ጥቁር የጣቱ ምልክት ቀረ። እጆቼ ባስቀመጥኩበት ጠረጴዛው ላይ እንዳሉ በሩ ተዘጋ።